ላልሞተች ሰደቃ

አዲስ አበባ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ
የካቲት ፲፮ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሽ ጀመር? ውሃው ዛሬም በቀን አንዴ ነው የሚለቀቅላችሁ? እንግሊዞቹ ከኤደን ወጡ ሲባል ከጎረቤት ራዲዮ ሰምቼ፣ ተኩሱ በእናንተ መንደር አልፎ ይሆን እያልኩ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምትፈሪልኝ ብርዱን ነበር፤ ብርዱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው።

ጋሼ ኪዳነ ማርያም፣ ይህን ለእናቴ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎትና ሰላምታዬ ለእርስዎም ይድረስዎ። ፊደል ስላስቆጠሩኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያንን ባያደርጉልኝ ኖሮ ዛሬ ፖስታ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጠው ጸሐፊ ፊት ሆኜ ሆዴን ለባዳ እዘረግፍ ነበር። አንድ ነገር ልለምንዎ። እዚህ ላይ ንባቡን ያቁሙና ጎረቤታችንን ሱሀይርን ይጥሩልኝ። አማርኛ ባትሰማም እጅ መያዝ ታውቃለች። እሷ እናቴ አጠገብ ስትቀመጥ ይቀጥሉ።

እናቴ፣ እህትሽ ዙህራ ሞታለች። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ የደበቅሁሽም ለዚሁ ነው። ያረፈችው እኔ ከመድረሴ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ «አክስቴ ተቀብላኛለች፣ የምተኛው ከእሷ ጋር ነው፣ ሰላም ትልሻለች» እያልኩ የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ ውሸት ነበር። አውፍ በይኝ። አልቅሺላት። እኔ በመልክ ሳላውቃት አልቅሼላታለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከጅቡቲ የተሳፈርኩበት ባቡር ለገሀር ሲገባ ዝናብ ይጥል ነበር። እንደዚያ ያለ ዝናብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እኛ አገር በዓመት አንድ ቀን ሲያካፋ ሕፃን ሁሉ እየጨፈረ ይወጣ የለ? እዚህ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አንድ ሰይቼንቶ ታክሲ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ወሰደኝና መንገዱ ተዘጋግቷል ብሎ አወረደኝ። ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ ከጋሪና ከአህያ እየተጋፋሁ፣ እየጠየቅሁ አንዋር ደረስኩ። አንቺ ባዶ ሜዳ ያልሽኝ ቦታ ቤት በቤት ሆኗል። የነገርሽኝን ቅያስ ፈልጌ ሳጣው፣ በራቸው ላይ እርድና ኮረሪማ የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት ጠየቅሁ። እትዬ ሀጅራ ይባላሉ። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ስምሽን ከነአባትሽ ነገርኳቸው።

ሚዛናቸውን አስቀመጡና ፊቴን ብዙ አዩት። ያቺ ሴት ሞታለች፣ ሰደቃዋን በልቻለሁ አሉኝ።

ኧረ አልሞተችም፣ ኤደን ናት፣ እናቴ ናት ብዬ ስጮህ አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። መዳፋቸው እርድ እርድ ይሸት ነበር። እጄን ጎትተው አስገቡኝ፣ እርጥቡን ልብሴን አስወለቁኝና ጣልያን በወጣበት ዓመት የሆነውን፣ ዙህራም ለሰፈሩ ምን ብላ እንደተናገረች አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንቺ የምታውቂውን ለአንቺ መልሼ አልጽፍልሽም፤ በሰው አፍ እንዲወጣም አልፈልግም። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ግን ልባም ሰው ናቸው፤ የገባቸውን እንደ ነፍስ አባት ይውጡት። እኔ የምልሽ ይህን ብቻ ነው፤ አብረን እንግባ ብዬ ስለምንሽ «አንቺ ግቢ፣ እኔን ጉልበቴ አያደርሰኝም» ያልሽኝ፣ ያን ቀን ገባኝ። ጉልበትሽ አልነበረም።

እትዬ ሀጅራ የጓሮ ክፍላቸውን አከራዩኝ። «የሩቅ ዘመዴ ናት እላለሁ፤ አንቺ ግን የእናትሽን ስም እዚህ ሰፈር እንዳትጠሪ» ብለው አስማሉኝ። ማልኩ። እንዲህ ሆኜ በእናቴ አገር እናት የሌለኝ ሆንኩ።

የዚያን ክረምት ብቸኝነት እንዴት ብዬ ልጽፍልሽ? አማርኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አንቺ ያስተማርሽኝ አማርኛ የወሎ ነው፣ ያውም የድሮ። ነጋዴውን ሁሉ «አንቱ» ስለው ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። እዚህ «እርስዎ» ነው የሚባለው። መልኳ የዓረብ፣ አፏ የባላገር እያሉ አንዱ ሌላውን እየጠራ ያናግሩኛል። ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ዓረቧ ነበር የምባለው። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ይመሻል። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ እፈራና የማልገዛው ዕቃ ያለበት ሱቅ ገብቼ ዋጋ እጠይቅ ነበር። ዓርብ ዓርብ ሰጋጁ ከመስጊዱ አልፎ መንገዱን ይሞላና ደጃችን ድረስ ይደርሳል። በበሩ ስንጥቅ አያቸዋለሁ። ያን ሁሉ ጀርባ ሳይ፣ ከመሐል አንድ የማውቀው ጀርባ ቢኖር ብዬ እመኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ እትዬ ሀጅራ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሸማ ተራ ሻርፕና የአንገት ልብስ የምትሸጥ ሴት ጥልፍ የምታውቅ ሠራተኛ ትፈልጋለች አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ብትሄጂ አፍሽን ዝጊ፣ ጠሂራ ናት አሉኝ።

ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ስሟን አውቀው ነበር። ዙህራ እንዳሳደገቻትም አውቃለሁ። አይቻት ግን አላውቅም፤ እየፈራሁ በሸማ ተራ አላልፍም ነበር። በማግስቱ ሄድኩ።

እናቴ፣ ክር የምትበጥሰው እንደ አንቺው በግራ ጥርሷ ነው። ጨርቅ ስትለካ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ስትናደድ ትስቃለች። የመጀመሪያ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ መርፌው እጄን ሦስት ጊዜ ወጋኝ። የልምድ ማነስ መስሏት «አብሽሪ፣ ቀስ እያልሽ» አለችኝ። ስሜን ጠይቃ በስሜ የጠራችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ጀመር። ተራው ሁሉ እትዬ ነው የሚላት፤ በእኔ አፍ ግን ከባድ ነበር።

ባሏ ጠይብ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፣ ደግ ሰው፣ ግን ቤት አይገኝም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። እኔ ስመጣ ሦስተኛውን ይዛ ነበር። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እሷ ብቻ አልተደሰተችም። ምክንያቱን የነገረችኝ በጥቅምት፣ በየዓመቱ ለሟች እናቷ በምታወጣው ሰደቃ ቀን ነው።

ቤቷ ሰው ሞልቶ ነበር። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ስምሽን ከነአባትሽ ጠሩና፣ ቀብሯን አስፋላት፣ የጀነትን በር ክፈትላት አሉ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። እትዬ ሀጅራ በአንዱ ጥግ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። እኔም አሚን አልኩ። ጠዋት ደብዳቤሽ ደርሶኝ፣ ሽሮና በርበሬ ላኪልኝ ያልሽበት ወረቀት በብብቴ እያለ አሚን አልኩ።

ሰዉ ሲበተን ጠሂራ ዕቃ እያነሳሳች፣ ለሌላ ሰው የማልነግረውን ልንገርሽ አለችኝ። «እናቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ እኔም በዚያው መንገድ ነው የምሄደው፣ በሕልሜ ትጠራኛለች» አለች። ፊቷ እንባ አልነበረበትም። የሱቁን ቁልፍ የት እንደምታስቀምጥ፣ ከልብሷ የቱን ለማን እንደምሰጥ አሳየችኝ። ለእኔ አረንጓዴ ሻርፗን መርጣልኛለች።

እትዬ ሀጅራ ዘንድ ሮጥኩ። ልንገራት፣ ሐሰቱ ሊገድላት ነው አልኩ። «አይሆንም፣ ዙህራ ስትሞት አስምላኛለች፤ ደግሞስ ሞታለች ከማለት ትታሽ ሄደች ማለት ይሻላል ወይ?» አሉኝ። አንቺን ፈቃድ ልጠይቅሽ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። እያንዳንዱን መስመር በጋሼ ኪዳነ ማርያም ድምፅ እየሰማሁ ሦስቱንም ቀደድኩ።

ምጡ የመጣው በጥር፣ ለሱብሒ ሶላት አዛን ሲባል ነው። ጠይብ አሰብ ነበር። አዋላጇ መጣች፣ የሰፈሩ ሴቶች እናት ፋጡማ ድረሽላት እያሉ ዱዓ ያዙ። እስከ ቀትር ደህና ነበረች። ከቀትር በኋላ ማማጡን ትታ እጇን ለቀቀች። አምጪ፣ ግፊ ሲሏት «ተዉኝ፣ እናቴ መጥታለች፣ ልሂድ» አለች። አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ፈርታ ነበር።

መሐላዬን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ጎንበስ አልኩና በጆሮዋ ነገርኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሌላ ሰው አልሰማም።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከተወለድኩ የለም። ከዚያ ጮኸች። ጩኸቱ የምጥ አልነበረም፤ የቁጣ ነበር። ክንዴን የያዘችበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ቆየ። ከአስር ሶላት አዛን ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው ቁጣ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ ጤነኛ፣ ፀጉሯ ድፍን ያለ።

ስድስት ቀን አላናገረችኝም። ገንፎውን አገንፍቼ ሳቀርብላት ትቀበላለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። ጨርቅ አጥቤ፣ ቤት ጠርጌ ማታ ወደ ክፍሌ እመለስና በዚህ አገር ያለችኝን አንዷን ሰው በገዛ አፌ አጣኋት እያልኩ ቁጭ እላለሁ። ወደ ኤደን ልመለስ ብዬ የባቡሩን ቀን እስከ መጠየቅ ደርሻለሁ።

በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ሊወጣ ሰው ተሰበሰበ። ጠይብም ደርሶ ነበር። እርግዝናዋን ሁሉ ሴት ከሆነች የእናቴን ስም ነው የማወጣላት እያለች ትናገር ስለነበር ሼሁ ስምሽን ለመጥራት ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ዙህራ በሏት አለች። ጠይብ ገረመውና ደግሞ ጠየቃት። ዙህራ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት አለች። እትዬ ሀጅራ አንገታቸውን ደፉ።

ይህን ልደብቅሽ ነበር። ግን መደበቅ ሰለቸኝ።

ሰዉ ሲሄድ ወደ መጋረጃው ውስጥ ጠራችኝ። ብዙ ነገር ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ስሜን ታነሳለች ወይ?» አለች። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሰምቼ አላውቅም አልኳት። ከዚያ ሕፃኗን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና፣ ያዥልኝ፣ እጄን ልታጠብ አለችኝ። ሄዳ ብዙ ቆየች። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፣ እሷ ግን አትመጣም። እኔም ልጅቱን ይዤ ጠበቅሁ።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ እኔ ነኝ፤ እሷ አራስ ናት። አንዲት ደንበኛ ትናንት ቤት ልትጠይቃት ገብታ፣ ይቺ ዓረብ ማናት ብላ ጠየቀቻት። ጠሂራም «የቤት ሰው ናት» አለቻት። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጠበቅሁም።

ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ታውቃለች። ምን ልበልልሽ ስላት ምንም አለች። ወጥቼ ደጃፉን ስሻገር ጠርታ፣ ጉልበቷን ምን እንዳመማት ጠይቂያት አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁሽ። መልሱን ለእኔ አትጻፊው። ጋሼ ኪዳነ ማርያም የምትዪውን ይጻፉልሽ፤ ፖስታው ላይ የማንን ስም እንደሚጽፉ አንቺ ንገሪያቸው። ከመጣሽም ማን እንዴት እንደሚቀበልሽ ቃል አልገባልሽም። እኔ ግን ለገሀር ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለእህትሽ ምሕረቱን፣ ለአንቺ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ሱሀይርን እጇን ሳሚልኝ። ዱዓሽ አይለየን፤ ሁላችንንም ማለቴ ነው።

ታናሿ ልጅሽ