ስለ በቅሎዋ እናትና ስለ አያቴ ስም

ለክቡር አለቃ ወልደ ሚካኤል፣
የደብራችን አስተዳዳሪ፣
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ በጭላሎ ውርጭ የክቡርነትዎ ጉልበት እንዴት እንደከረመ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ምእመናንዎ ደጅዎን ስንጠና እግራችን ጠንክሯልና፣ ለእርስዎም ያንኑ ብርታት እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ የማድረው ገብረወልድ ነኝ። በእጅዎ የሰጠሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣ፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ቢያነበው ለእርስዎም ይደርስ ይሆናል ብዬ ይህን በግልጽ ጻፍሁ።

ነገሩን ያውቁታል። ልጄ ተሻለች ለጮሌው ልጅ ለመርሻ ታጭታ፣ በጥር ልትዳር ጠጁ ተጥሏል። እርስዎ ግን የአያቴ የወልደጻድቅ ሚስት ከማን ወገን እንደሆነች ሳይታወቅ፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር፣ ሙሽሮቹ ዘመድ ሆነው ቢገኙስ በማለት ተክሊሉን ከለከሉን። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛ፤ እንዳዘዙኝ የደብሩን የጥንት መዝገብ አገላበጥሁ። አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ በሰፈረ ሰሞን የተጻፈው፣ «ወልደጻድቅ ከነሚስቱ፣ እናቷ የአንኮበር ባዝራ የሆነች፣ ሸጋ የምትባል ቀይ በቅሎ ለደብሩ ሰጡ» ይላል። የበቅሎዋ ስም አለ፤ የበቅሎዋ እናት አገር አለ፤ የሴት አያቴ ስም ግን የለም። ልድር የተነሣሁት በቅሎዋን ቢሆን ኖሮ እርስዎን ባላስቸገርሁ ነበር።

ሁለተኛ፤ ከልጆቿ በሕይወት የቀሩትን አክስቴን ወይዘሮ አፀደን ብጠይቃቸው፣ የእናታቸው የክርስትና ስም ወለተ ማርያም እንደነበር ነገሩኝ። ባሏ «አንቺ»፣ ልጆቿ «እማዬ»፣ ጎረቤቱ «የወልደጻድቅ ሚስት» ስለሚላት፣ የቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ይህን ይዤ ብመጣ፣ ወለተ ማርያም ሞልታለች ብለው መለሱኝ። እውነት ነው፤ ያበዛችኋቸው ግን እናንተው ናችሁ።

ሦስተኛ፤ አክስቴ እናታቸው ወደ ጢቾ እያየች በኦሮምኛ ታንጎራጉር እንደነበር ትዝ ስላላቸው፣ ብርዱን ችዬ ጢቾ ድረስ ወጣሁ። እዚያ ሁሴኖ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ መሩኝ። እሳቸው መዝገብ የላቸውም፤ አባቶቻቸውን በቃላቸው ይቆጥራሉ። ወደ አያታቸው ሲደርሱ፣ ቀይ በቅሎ ይዞ ለመጣ ወልደጻድቅ ለሚባል የሸዋ ሰው የተዳረችውን የአባታቸውን እኅት፣ ኢፍቱን ጠሩ። ስንፈልጋት መኖራችንን ብነግራቸው፣ «እኛ ዘንድ አልጠፋችም፤ የጠፋችው እናንተ ዘንድ ነው» አሉኝ። አፈርሁ። ስሙን ለአክስቴ ሳደርስላቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው ደጋግመው ጠሩትና አለቀሱ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። እኛም እንደሷ ግማሽ ዘራችንን ብቻ እየተናገርን ኖረናል። ልዩነቱ እኛ የደበቅነው ፈረሱን መሆኑ ነው።

እንግዲህ የኢፍቱን ወገን ሁሴኖ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረውልኛል፤ የመርሻ ወላጆችም ከጣሊያን ወዲህ ከመርሐ ቤቴ የመጡ ናቸውና የሚገናኙበት የለም። ስለዚህ ተክሊሉ እንዲፈቀድልን፣ በመዝገቡም የአያቴ ስም ከተቻለ ከበቅሎዋ በላይ እንዲገባልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ቡራኬዎን እንጂ ቀጠሮዎን የማይናፍቅ፣
ደጅዎን መጥናት ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ታዛዥዎ፣
ገብረወልድ
አሰላ፣ ታኅሣሥ 1952 ዓ.ም.

ተጨማሪ፤ ሁሴኖን ስሰናበት ስለ እርስዎም ደኅንነት ጠየቁኝ። የኢፍቱ ታናሽ እኅት፣ ከአያቴ ጋር አብሮ ለመጣው ለእርስዎ አያት ተድራ ኖሯል። በመዝገቡ ሴት አያትዎን ብፈልጋቸው እሳቸውም «ከነሚስቱ» ተብለው ተጽፈዋል፤ በቅሎ ስላልሰጡ ጽሑፉ አጭር ነው። እርስዎ ሲዳሩ ሰባት ቤትዎን የቆጠረልዎ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ እንኳን ለዘመድነት አበቃን። የሴት አያትዎን ስም ሁሴኖ ነግረውኛል፤ በአደባባይ ግን አልጽፈውም። ለሰርጉ ሲመጡ በሙሽራዋ ዘመዶች መደብ ቦታ ይዤልዎታለሁና፣ እዚያ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ።