አሥራ አራተኛው መስመር፤ የአቶ ሰላምአብ ጩማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰላምአብ ጩማ ከአባታቸው ከመምህር ጩማ ዳና እና ከእናታቸው ከመምህርት ዓመለወርቅ ጥር 8 ቀን 1984 ዓ.ም. በወላይታ ዞን፣ በሻንቶ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በሃላሌ ያስተምሩ ስለነበር ያሳደግኋቸው አያታቸው እኔ አስናቀች ብሩ ነኝ። በእጄ ያጠብኩትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ይከብዳል፤ ሥራቸው ግን ያስከብራቸዋልና እንዲሁ ይነበብ።

በ1993 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ በግቢያችን የውሃ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። አፈሩን የሚደግፈው ጣውላ ከአረካ ሊመጣ አንድ ቀን ዘገየ። ቆፋሪው አቶ ዳልጮ ‹‹ይቅር፣ ነገ እንገባለን›› ሲሉ፣ ‹‹በአንድ ቀን ምን ይመጣል? ግቡ እንጂ›› ያልኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አፈሩ ተናደ። አቶ ዳልጮ እስከ ደረታቸው ተቀብረው በሰው ርብርብ ወጡ፤ እግራቸው ግን እንደነበረ አልሆነም። ዛሬም በምርኩዝ መጥተው ከድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰላምአብ ይህን ሁሉ ቆመው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ሲጀመር ‹‹የሚደግፈው መጥቷል?›› ሳይሉ አያልፉም። እኔም ከዚያ ወዲህ መፍራት አላቆምኩም።

አንደኛ ደረጃን በሻንቶ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሶዶ ተምረው በ2007 ዓ.ም. ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በኮንስትራክሽን ማኔጅመንት በዲግሪ ተመረቁ። በአረካ በመንገድ ሥራ ላይ ስቶር ጠባቂ ሆነው ጀምረው ወደ ግዥ ክፍል አደጉ። በ2012 ዓ.ም. ከመምህርት ሰብለ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሶልያናን ወለዱ።

በ2014 ዓ.ም. ከሃላሌ በታች፣ ወደ ኦሞ በሚወርደው ገደል በሚቆፈረው የመንገድ ዋሻ የግዥና የስጋት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ስጋት የሚባል ክፍል እንዳለ ስሰማ፣ ‹‹ታዲያ እኔን ለምን አልቀጠሩኝም?›› ብላቸው፣ ‹‹እማማ፣ አንቺ በነጻ የምትፈሪውን እኛ በደመወዝ እንፈራዋለን›› ብለው አሳቁኝ።

ሥራቸው ቆፋሪዎቹ ከሚደርሱበት ድንጋይ ቀድሞ ሲሚንቶው፣ ብሎኑ፣ ቅስት ብረቱ እንዲደርስ ማድረግ ነበር። ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ በመዝገብ ይጽፉታል፤ በየመስመሩ ጫፍ የሚጠብቀው ሰው ስም ይሰፍራል። ያ ሰው ከሥራው ቢነሣ፣ ሌላ ሰው በምትኩ ሳይፈርም መስመሩ ባዶ አያድርም። ‹‹ስም የሌለው ስጋት ጠባቂ የለውም›› ይሉ ነበር። ሠራተኞቹ ‹‹አቶ ቆዩ›› የሚል ስም አወጡላቸው። ‹‹አቶ ቆዩ መጡ፣ መዶሻ አስቀምጡ!›› ሲሏቸው አብረው ይስቁ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከዋሻው አንድም ሬሳ አልወጣም።

አሥራ አራተኛው መስመር ይህ ነው። ስድስት መቶ አርባኛው ሜትር ላይ ያለው ድንጋይ ውሃ የቋጠረና የላላ ነው። የሚደግፈው ቅስት ብረት ከነሐሴ ጀምሮ ይመጣል እየተባለ አልመጣም። በመካከሉ የቀጠነ ብረት በርካሽ ቀርቦላቸው ለክተው መለሱት። ‹‹ብረቱ ሳይደርስ አንድ ሜትር እንዳይቆፈር›› ብለው ጻፉ፤ ስማቸውን አኖሩበት፤ ቁፋሮውም ቆመ።

እኔ ያን ሁሉ ዘመን ድንጋዩን ስፈራ ትንኟን ረሳሁ። ጥቅምት 30 ቀን በቆላው ወባ ተይዘው ከሃላሌ ወደ ሶዶ ሆስፒታል መጡ። ትኩሳቱ ሲበርድላቸው ባልደረባቸውን ህብረትን፣ ‹‹አሥራ አራተኛው በማን ስም ነው?›› ብለው ጠየቁት። ‹‹በአንተው ነው፣ አርፈህ ተኛ›› አላቸው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ33 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰኞ ቁፋሮ ይቀጥላል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ብረቱ አሁንም መንገድ ላይ ነው ይባላል። ሰኞ መሰርሰሪያውን ይዞ ቀድሞ የሚገባው ታናሽ ወንድማቸው ማቲ ነው፤ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ።

አቶ ሰላምአብ ባለቤታቸውን፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን ሶልያናን፣ ወላጆቻቸውን፣ ማቲንና እኔን ትተው አልፈዋል። አንድ ጠባቂ የሌለው መስመርም ትተዋል። ህብረት መዝገቡን አምጥቶ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ አኑሮታል። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች፣ አንዳችሁ ፈርሙበት ብዬ ለመንኳችሁ፤ ‹‹ከቀብር በኋላ እናያለን›› አላችሁኝ። ከዚህ ቀብር በኋላ ሌላ ቀብር እንዳናይ ፈራሁ። በአንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ አንዴ በድያለሁ፤ አሁን አልደግመውም። መስመሩ ባዶ እንዳያድር ስሜን ጽፌበታለሁ፦ አስናቀች ብሩ፣ ሻንቶ። ሰኞ ጠዋት አቶ ዳልጮና እኔ በርጩማችንን ይዘን ዋሻው አፍ ላይ እንቀመጣለን። የሚገባ ቢኖር እኛን ተራምዶ ይግባ።

የሰጠን ጌታ የሰላምአብን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍልን። የማቲን ግን ለእኛ ይተውልን።