የሐያት አባት፣ መኪና ገዛሁ

አሰላሙ ዓለይኩም የሐያት አባት፤

ከተለያየን ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናትህ፣ እማማ፣ አሁንም አብረውኝ ናቸው። ዳሌያቸው ብሶባቸው ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው፣ በር ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን ሁሉ ያስተዳድሩታል። ሐያት ተመርቃ ኮምቦልቻ ሥራ ይዛለች። በየዓመቱ «ይቆረጥ፣ ጥላ እንጂ ፍሬ የለውም» ትለው የነበረው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ለጎረቤት ሳድል አንተ ነበርክ በዓይኔ የምትመጣው፣ አንዱን ፍሬ አንስተህ «ሰምቶኝ ነው?» ስትል።

እኔ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ተዛውሬ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚያው ቤት እንከራይ ብል እማማ «ብርዱ አጥንቴን ይፈጀዋል» አሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሹራቤን በክንዴ ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። ደብረ ሲና ስደርስ እለብሰዋለሁ፤ ስመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አወልቀዋለሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ስንት ቀን ተማሪዎቼ ቀድመውኝ ክፍል እንደገቡ አልነግርህም። የባሰው ግን የእማማ ነገር ነበር። በየወሩ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። በሚኒባስ ወስጄ ባመጣኋቸው ቁጥር ሦስት ቀን ከአልጋ አይነሱም። ከበሽታው ይልቅ መንገዱ ነበር የሚያማቸው።

በዚህ ምክንያት መኪና ልገዛ ወሰንኩ። ሳቅህ ይሰማኛል። ባጃጅ በታጠፈ ቁጥር ክንድህን ትቆነጥጥ የነበረችው ፋጡማ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ፤ ወደኋላ ስነዳ የቆመውን ምልክት ገጨሁት። ሁለተኛውን አለፍኩ።

ጭቅጭቁ የመጣው ምን ዓይነት መኪና ይሁን በሚለው ላይ ነው። ያው የጋራዥ ባልደረባህ ጋሽ በቀለ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ። «ኮሮላ ግዢ። መለዋወጫው እዚሁ ሮቢት ሞልቷል፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ፣ ልሽጠው ብትይ በማግስቱ ይሄዳል» አሉኝ። ሐያት በስልክ «እማ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» አለችኝ። መብራታችንን ግን ታውቀዋለህ፣ ስልኬን እንኳ በወጉ አይሞላልኝም። የእኔ ልብ ከመጀመሪያውም ያረፈው ያቺ ረጅሟ የጀርመን መኪና ላይ ነበር። አዲሷን እንዳይመስልህ፣ አዲሷን በምን አቅሜ! ሀብታም ነድቷት የጠገባት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ዋጋዋ ወርዶ ወርዶ ከአንድ ደህና ኮሮላ ጋር የተስተካከለች።

ጋሽ በቀለ ተቆጡ። «ይቺ ለሰርግ ነች እንጂ ለየቀኑ አይደለችም። ለምን የረከሰች ይመስልሻል? የሚጠግናት ጠፍቶ እኮ ነው!»

«እርስዎ አሉ አይደል?» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር።

ታስታውሳለህ አይደል፣ ከደሴ ይመጣ የነበረ ሰውዬ እንዲህ ያለችውን መኪና ጋራዥ ጥሎብህ የሄደ ጊዜ? ዕቃዋ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቆመች። ሠርተህ ስትጨርስ ባለቤቱን በስልክ አስፈቀድክና እኔን ከቤት ጠርተህ እስከ ሮቢ ድልድይ ይዘኸኝ ሄድክ። መስኮቱን ስትዘጋው ሙቀቱ ውጭ ቀረ። ባጃጁ፣ የከባድ መኪናው ጥሩምባ፣ የማሾ ነጋዴዎቹ ጩኸት፣ ሁሉም ውጭ ቀረ። ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር። ድልድዩ ጋ ስትደርስ «ፋጡማ፣ ሰው እንዲህም ሆኖ ይሄዳል» አልከኝ። ስትመልሳት ወንበሯን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግክ፣ ከዚያ ሁለታችንም በባጃጅ ቤታችን ገባን። የሰውን መኪና ስትጠግን ኖረህ የራስህ አንድ እንኳ አልነበረህም።

ሰዉ ይቺን መኪና እንደምፈልግ ሲሰማ ማውራቱ አልቀረም። ባሏን ቀብራ ልትዝናና ነው ተባለ። ሌሎቹ ደግሞ የሟች ባሏ ምኞት ስለነበረ ነው ብለው አዘኑልኝ። ሁለቱም አልነበረም። እውነተኛውን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ።

ደብረ ብርሃን ሐኪሞቹ «ቤቱ ውሰዱት» ባሉን ቀን ያገኘነው አንድ ፒክአፕ ብቻ ነበር። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛንህ። ጭንቅላትህ ጭኔ ላይ ነበር። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ መኪናው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር ጥርስህን ትነክስ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይንህን ገልጠህ፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «ባሌስትራው አልቋል» አልከኝ። እየቀለድክ ይሁን እየተማረርክ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለት እጄ ጭንቅላትህን ከፍ አድርጌ ያዝኩ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ። ክንዴ ለዚያ መንገድ አልበቃም።

በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳይሰቃይ ነው የሄደው» አለ። ቤት ውስጥ ተኝተህ ስላዩህ ነው። እማማም ሲጠይቁኝ «ተኝቶ ነው የመጣው» አልኳቸው። ሐያትንም እንደዚያው። መንገዱን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለዚህ ነው የማትንጥ መኪና የፈለግኩት። ሌላው ጌጧ ጉዳዬ አልነበረም።

ጋሽ በቀለ እያጉረመረሙም ቢሆን አዲስ አበባ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። መጀመሪያ ያየናት ጥቁርና የምታበራ ነበረች። ደላላው «እትዬ፣ ብዙም አልተነዳችም፣ ቆጣሪዋን ይዩት» አለኝ። ጋሽ በቀለ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩና ወደ እግሬ አየሁ። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። የወንበሩ ጠርዝ ተጨፍልቋል። የመሪው ቆዳ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። «ይሄ ሁሉ በዚች ኪሎ ሜትር ነው ያለቀው?» ስለው ደላላው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ጋሽ በቀለ ከኮፈኑ ስር ቀና ብለው አዩኝ። ምሳህን ጋራዥ ሳመጣልህ የእጅ ባትሪ አስይዘኸኝ እያሳየህ ታስረዳኝ የነበረውን ሁሉ የሰማሁ አይመስላቸውም ነበር። አንተም አይመስልህም ነበር መሰለኝ። ሰምቼሃለሁ።

ሁለተኛዋ ምንጣፏ ሲነሳ ሥሩ ደረቅ ደለል ነበረ፤ ጎርፍ ገብቶባታል። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል ነው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ያችኑ ዓይነት መኪናቸውን ሊሸጡ እንደሆነ የጋሽ በቀለ ዘመድ የነገረን።

ጋሽ በቀለ «ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው» ብለው፣ ሳንደርስ እንዳያስነሷት በስልክ ለምነዋቸው ነበር። ስንደርስ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ አስነሷትና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ሴትዮዋ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አስቀምጠዋል፣ አንድም አልጣሉም። ጉድለቷንም አልደበቁም። «ከኋላ በግራ በኩል ስትታጠፍ ድምፅ አላት፤ ሦስት መካኒክ አይቶ አላገኘውም። ማቀዝቀዣዋም ደካማ ነው፣ ቆላ ከሆንሽ ታዝኝባታለሽ» አሉኝ። የሚሸጧት ዓይናቸው ስለደከመ ነው። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ለምን ይቺን መረጥሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለማላውቃቸው ሴት ነገርኳቸው። ፒክአፑን፣ ፍራሹን፣ ክንዴን። ጋሽ በቀለ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ሴትዮዋ የመኪናዋን የኋላ በር ከፈቱና «ግቢና ተኚባት» አሉኝ። አፈርኩ። «ተኚ እንጂ፣ ሳትተኚባት እንዴት ታውቂያታለሽ?» ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ። እሳቸው ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ በቀለ መሪውን ይዘው በሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ነዱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድንጋዩ ከሥሬ ይሰማል፣ ግን ከሩቅ ነው፤ ጀርባዬ ጋ ሳይደርስ ይሞታል። አንገቴን ለቀቅኩት። የት እንደደረስን አላውቅም፣ የምናለቅሰው ግን ሦስታችንም ነበርን። ጋሽ በቀለ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ኮሮላ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አሉ።

ገዛኋት። ስንመለስ እስከ ደብረ ብርሃን ጋሽ በቀለ ነዱ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ጣርማ በር ዋሻውን ስገባ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ቁልቁለቱ ላይ «ፍሬኑን ረግጠሽ አትቆዪ፣ በማርሽ ያዣት» እያሉ አወረዱኝ። ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ማሽላው ከግራም ከቀኝም ሲታይ፣ መድረሴን አላመንኩም።

እንከን የለባትም ብዬ አልዋሽህም። በሁለተኛው ወር ዳገቱ ላይ ቆመችብኝ፤ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወደ ሦስት ሳምንት በሚኒባስ ተመላለስኩ። ያኔ ነው «ኮሮላ ብዬሽ ነበር» የሚለው የተመለሰው። ነዳጅም ትወዳለች። ግን ያን ከኋላ በግራ በኩል የነበረውን ድምፅ ጋሽ በቀለ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሥሯ ተኝተው አገኙት። ፊታቸው ጠቁሮ እየሳቁ ወጡና «ሰይድ ቢኖር በአንድ ሰዓት ያገኘው ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ብዙ ቆዩ። አንተን የናፈቅኩህ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለ እማማ ልንገርህ። መጀመሪያ ለቀጠሮ ስወስዳቸው ከፊት አልቀመጥም ብለው ከኋላ ገቡ። «የሹም መኪና አስመሰልሽኝ» እያሉ አጉረመረሙ፣ ደብረ ሲና ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስንመለስ ከጣርማ በር በታች ነቁ። በመስታወቱ አየኋቸው፣ በመዳፋቸው ወንበሩን ቀስ እያሉ ይዳብሱ ነበር።

«ፋጡማ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ልጄን መንገዱ አሞት ነበር?»

ሦስት ዓመት የዋሸሁትን ውሸት ልደግመው አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም አለኝ። መኪናዋን ዳር አቆምኩ። ዞሬ አየኋቸውና «አዎ እማማ፣ አሞት ነበር» አልኳቸው።

ይጮሃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮሁም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፣ «ኢና ሊላሂ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ያዙና «ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እናትህ ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር፣ ታውቃቸዋለህ። ከባድ መኪናዎች እያለፉን፣ ሁለታችን እዚያ ዳር ላይ እስኪበቃን አለቀስንልህ።

መኪናዋ አንተን አላመጣችልኝም። ያን ቀን የሄድክበትንም መንገድ አላለሰለሰችውም፤ ይህን አውቄ ነው የገዛኋት። ብቻዬን ስነዳ የተማሪ ደብተር ከኋላ ነው የማስቀምጠው፣ አጠገቤ ያለውን ወንበር ባዶ እተወዋለሁ። አንዳንዴ መስኮቱን ዘግቼ ትንፋሽ አዳምጣለሁ፤ የእኔው ነው። ድምፅህም እየራቀኝ ነው። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ስትናገራቸው እንዴት እንደነበር ግን እያመለጠኝ ነው። ይህ ከሁሉም ነገር በላይ ያስፈራኛል።

ነገ ሐያት ለእረፍት ትመጣለች። እኔና እማማ ተማክረናል፤ ምሳ ከበላን በኋላ አስቀምጠን ሁሉንም ልንነግራት ነው። ታለቅስ ይሆናል፣ ለምን ደበቃችሁኝ ብላ ትቆጣንም ይሆናል። ትቆጣ። አባቷ ነህ፣ እንደነበርክ ልታውቅህ ይገባታል። ድምፅህን ልይዘው ባልችል እንኳ የሆንከውን ሁሉ እንዳለ እይዘዋለሁ፣ አላሳምረውም፣ አልቀንስበትምም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ የማስታውስህ ብቻዬን አይደለሁም፤ ሦስት እንሆናለን።

አላህ በጀነት ያገናኘን።

ፋጡማህ