እህቴ ያልጻፈችው ምዕራፍ

ጥር 3

ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሠላሳ ስምንት ወረቀት፣ ጥያቄው አንድ፦ እግዚአብሔር ለምን ዝም ይላል? ሠላሳ ስምንቱም እኔ ያልኩትን መልሰው ጻፉልኝ። አንዱ እንኳ የራሱን አልሞከረም። ማንን ልውቀስ? አስተማሪያቸው እኔ...

ከሰዓት ፖስታ ቤት ሄጄ የሚጢጢን ጥቅል አመጣሁ። ታናሽ እህቴ ሠላሳ አራት ሞልቷታል፣ የልጅነት ስሟ ግን አልለቀቃትም። ሌላ ከተማ ተቀምጣ ልብ ወለድ ጽፋለች። ግዙፎች፣ የሚያወሩ ወንዞች፣ እንዲህ ያለ ነገር። ከላይ ብጣሽ ወረቀት፦ «እትዬ፣ ከመታተሙ በፊት ለእማዬ አንብቢላት።»

የእማዬን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ቀዶ ጥገናው የካቲት 9 ነው። እስከዚያ ዓይኗ እኔ ነኝ።

ጥር 5

ጀመርን። ከተማዋ የተሠራችው በአንድ ግዙፍ ሰው መዳፍ ላይ ነው። ሰዎቹ አያውቁም፤ ተራራ ይመስላቸዋል። እሱ ሺህ ዓመት ሙሉ እጁን አላነቃነቀም፣ ቢያነቃንቅ ያልቃሉ። አፉንም አይከፍትም። ትንፋሹ ብቻ ጣሪያውን ሁሉ ይጠርጋል።

እማዬ ሹራቧን አስቀምጣ ሰማች። እኔ ሳስተምራት ሹራቧን አስቀምጣ አታውቅም።

ጥር 8

«ቀጥይ» ትላለች። ራት ሳንበላ «ቀጥይ»። ዛሬ ደግሞ በመሃል አስቆመችኝ።

«ዝም ያለው ለዚህ ይሆን እንዴ?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ!» በአገጯ ወደ ጣሪያው አሳየችኝ።

አባዬ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ጸሎት የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። አልካደችም። አኩርፋዋለች። ሴት ባሏን እንደምታኮርፈው። ስንት መጽሐፍ አነበብኩላት፣ ስንት ባልደረባዬን ቤት ድረስ አመጣሁ፣ ስንት ምሳሌ ደረደርኩ... ስሙን እንኳ አላነሳችም። ዛሬ በሚጢጢ ግዙፍ አነሳችው።

«ተረት እኮ ነው እማዬ» አልኳት።

«ያንቺስ?»

ጥር 9

ሃያ ሁለት ዓመት ነገረ መለኮት አስተማርኩ። ያንቺስ?

ጥር 11

በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ «መንቀሳቀስ የማይችል አምላክ ሁሉን ቻይ አይደለም።» ትክክል ነኝ። ስህተት የለብኝም። ታዲያ ለምን መላልሼ አነበብኩት?

ሚጢጢ ነገረ መለኮት አልተማረችም። የአትክልት ዘር ነው የምትሸጠው። ቀን ቲማቲምና ካሮት በፓኬት፣ ማታ አምላክ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ጽፌ መጨረስ አቅቶኝ...

ራሱ እግዚአብሔር ቀናተኛ ነው ይባላል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማብራራው፦ የሱ ቅናት ፍቅር ስለሆነ ነው። የኔስ? የኔም እናቴን ስለምወድ ነው እንዴ? አይደለም። እማዬ ጸለየች አልጸለየች፣ አንጀቴ ያረረው ስሙን ያስነሳኋት እኔ ሳልሆን በመቅረቴ ነው። ይህን ለማንም አልናገርም። እዚህ ብቻ።

ጥር 14

ምን አደረግኩ?

ምዕራፍ ሰባት። ልጇ ከግዙፉ ጣቶች ጫፍ ወድቆ የሞተባት ሴት ክንዱን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። ዓመታት ይፈጅባታል። በመጨረሻ ትከሻው ላይ ትደርሳለች። ሚጢጢ የጻፈችው፦ ግዙፉ ነቅቶ ነበር። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፣ መጀመሪያ ከወጣች ቀን ጀምሮ። ከንፈሩን ነክሶ፣ እንባው እንዳይወርድና ከተማዋን እንዳያሰጥም ዓይኑን ሳይከድን...

ሁለት መስመር ቀድሞ ታየኝ። እማዬ እንደምታለቅስ አወቅሁ። በኔ አፍ፣ የሚጢጢን ቃል ሰምታ ልታለቅስ ነው። አልቻልኩም።

«ተኝቶ ነበር» አልኩ። «ያንኮራፋ ነበር።»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም። አስቀያሚ ላደርገው ነበር። «ይሄማ ምን አምላክ ነው» ብላ እንድትጥለው። እማዬ አልጣለችውም።

«ከዚያስ?»

ከዚያ ምን? ወረቀቱን አየሁ። አያድነኝም።

«ከዚያ ሴትየዋ... ጆሮው ሥር ሄዳ ጮኸችበት። ‹ተነስ! ልጄ ወድቆብኝ አንተ ትተኛለህ?›»

«ተነሳ?»

«ምዕራፉ እዚህ ላይ ያልቃል።»

ጥር 15

ጠዋት ከክፍሏ ድምፅ ሰማሁ። ስልክ መሰለኝ።

«አንተ! አራት ዓመት! ሰውዬዬን አልጋው ላይ እንደ ጨርቅ እጥፍ አድርገህ ወስደህ ትተኛለህ? ተነስ እንጂ! ነውር አይደለም?»

የጥርስ ብሩሼን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ተቆጣች፣ ተሳደበች ማለት ይቻላል፣ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። ስለ ዓይኗ ነገረችው። ስለ ሚጢጢ። መጨረሻ ላይ፦ «ለትልቋ ደግሞ ትንሽ ሳቅ ስጣት፤ ፊቷ ባይታየኝም ድምፅዋ ተኮሳትሯል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቁርስ ላይ ወደ ሚጢጢ አስደወለችኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ «ምዕራፍ ሰባት! እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ!»

የኔ አፍ፣ የሷ እጅ። ሰው በገዛ ውሸቱ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ጥር 17

እግዚአብሔር አይተኛም ብዬ ነው የማስተምረው። ግን በመዝሙረ ዳዊት የጥንቶቹም «ንቃ» እያሉ ጮኸውበታል። በየዓመቱ እዚያ እደርሳለሁ፣ «ዘይቤ ነው» ብዬ በአንድ ደቂቃ አልፈዋለሁ። ቢያንስ ለአንድ ሰው ዘይቤ አይደለም።

ዓይኗ ሲበራ ግን ራሷ ታነባለች። ምዕራፍ ሰባትን ትፈልጋለች። ያ የተኛው የለም። ያን ጊዜ ጸሎቷስ? እንደገና ብታኮርፍ... በኔ ነው።

ጥር 24

ሚጢጢ ደወለች። ስታስበው ከርማ።

«እትዬ፣ የኔ ግዙፍ መቼ ነው የተኛው? እማዬ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባኝም።»

ነገርኳት።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ስንት ቀን ደብቄ የያዝኩት ቃል፣ ሲወጣ ትንሽዬ ነገር ሆነ።

«የፈጠርሽው ጥሩ ነው» አለች፣ በቁጣ። «የሚያናድደኝም እሱ ነው። መጽሐፌ ውስጥ ግን አይገባም። የኔው አይተኛም። አይተኛም ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ልጅ ሆኜ ጨለማ ስፈራ። ረሳሽው?»

ረስቼዋለሁ።

«ለእማዬ አንቺው ትነግሪያታለሽ። እኔ የለሁበትም።»

ጥር 28

አልነገርኳትም።

የካቲት 2

ነገርኳት። ሹራቧን ይዛ ነበር።

«ልታበላሺብኝ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ዓይን የላትም ብለሽ?»

የክሩን ጫፍ በጣቷ እየዳበሰች ቆየች።

«ታዲያ አሁን ጸሎቴን ልመልሰው?»

ዲግሪዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኝ ነበር።

«ሂጂ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጥሪልኝ። እሱ ያንብብልኝ።»

የካቲት 4

ልብስ ሰፊው መጣ። ሳሎኑ ውስጥ እነሱ፣ ከበሩ ጀርባ እኔ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሱሪ ነው የማውቀው።»

«ሱሪም የሚሰፋው በመስመር ነው፣ አንብብ አንተ ሰውዬ!»

አራት ነጥብ ሲያገኝ አያቆምም፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ያርፋል። ምዕራፍ ሰባትን እንዲህ እያደናቀፈ አነበበላት፣ እንደተጻፈው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር። እማዬ አለቀሰች። እንደፈራሁት። እሱም ንፍጡን ሳበ።

አለቀ፣ አልኩ። አሁን ታኮርፋለች።

የካቲት 5

ገና ሳይነጋጋ ከእማዬ ክፍል፦

«ነቅተህ ኖሯል አሉ! ይባስ ብሎ! እያየህ ነበር?»

አላኮረፈችም። ትጣላዋለች። ከኔ ጋር ግን «ሻዩ በርዷል» ከማለት በቀር አታወራም።

የካቲት 9

ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። ሐኪሙ የግራው በኋላ ይደርሳል አለ። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ለመጸለይ ሞከርኩ። የወጣልኝ የትምህርት መግቢያ ነው፦ «በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል...» ሳቄ መጣ። አጠገቤ የነበረች ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

የካቲት 11

ትናንት ፋሻው ተፈታ። ሐኪሙን አይታ «ልጅ ነህ እንዴ!» አለችው። ከዚያ እኔን፣ ረጅም ጊዜ።

«አርጅተሻል።»

«አዎ።»

«ማንም አልነገረኝም።» እጇን ፊቴ ላይ አሳረፈች። ይቅር አልሽኝ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ከክፍሏ ጠራችኝ። የሚጢጢ ወረቀት ጭኗ ላይ ነው፣ መነጽር አጥልቃ በራሷ እያነበበች። አንባቢነቴ አብቅቷል።

«ተቀመጪ። ዛሬ አንቺ ጀምሪው።»

«ምኑን?»

«እሱን ማናገሩን። ሰው ሁሉ ሲያናግረው ከበር ጀርባ ቆመሽ ስትሰሚ ኖርሽ።»

ስታውቅ ኖሯል ለካ። በሚጢጢ መቅናቴ አልለቀቀኝም፣ መጽሐፏ ሲወጣም ይነሳብኛል። ከሁሉ ይልቅ ግን አሁን የምቀናው በእማዬ ነው። ከሱ ጋር መጣላት ትችላለች። እኔ ተጣልቼው አላውቅም። ስለ እሱ ነው ስናገር የኖርኩት።

አፌን ከፈትኩ። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ።

«አንተ...» አልኩ። «እኔ... ቀናሁ።»

እማዬ ከወረቀቱ ቀና ሳትል፦ «ጮክ በይ። እኔም አልሰማሁሽ።»