የተቀቀሉት ዛጎሎች

ሣህሉ፣

የደልጊው መኪና ሊነሣ ስለሆነ ቸኩዬ ነው የምጽፍልህ። የሥራ ዝውውሩን የጠየቅሁት ራሴ ነኝ። የቤታችን ቁልፍ መስኮቱ ላይ አለ።

የመስታወት ገንዳውን ለአንተ ትቼዋለሁ። ለዓሣዋ በቀን አንዴ ብቻ ቁንጥር ምግብ ጣልላት። ውሃ ስትቀይር ከጣና አታምጣ፤ የቧንቧውን በባልዲ አሳድረህ ጨምር። መብራት ከጠፋ ፓምፑን ከባትሪው ጋር አገናኘው።

ወንዱ ዓሣ ትናንት ሞተ። ጓሮ ቀበርሁት።

የገንዳውን ዛጎሎች የቀቀልሃቸው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጾሙ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ ብለህ፣ ምናልባት ኩርፊያችንም እንዲበርድ ብለህ፣ በሎሚ አጥበህ መስኮቱ ላይ ደረደርሃቸው።

እነዚህ ዓሦች ግን እንቁላል የሚጥሉትም ጫጩት የሚያሳድጉትም ዛጎል ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ውስጣቸው ጫጩቶች ነበሩ። ከተፈለፈሉ አምስት ቀናቸው ነበር።

አልነገርሁህም። ከተነጋገርን ሦስት ሳምንት አልፎን ነበርና ቀድሜ አፌን መክፈት አልፈለግሁም። ከገንዳው አውጥተህ ድስት ውስጥ ስትጥላቸው ሲንኳኩ ከክፍሌ ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

ስለ መጀመሪያው ጠባችን አልጽፍም።

ሴቷ አሁንም ጠዋት ጠዋት ዛጎሏ የነበረበትን አሸዋ ትቆፍራለች። አንዱን መልሼላት ነበር። የሎሚው ሽታ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ዞር ዞር ብላ አየችው እንጂ አልገባችበትም።

ቢሆንም አታውጣው።

ምናሴ