ፈቃደኛ ነሽ?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ሁለት ቀሚስ አስረከብኩ። የስፌት መኪናዬ ክር እየበጠሰ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ከሰዓት ወንድሜ ረሻድ ከአስኮ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "የአባባን ቤት ሸጠን በሸሪዓ እንካፈል" አለ። ለእሱ ሁለት እጅ፣ ለእኔ አንድ። ስፌት ቤቴም መኝታዬም እዚሁ ግቢ መሆኑን ረስቶት ነው?
"እኩል ከሆነ ግቢውን ለሁለት ከፍለን እኔ እዚሁ እኖራለሁ" አልኩት።
"ከአላህ ሕግ ልትበልጪ ነው?"


ኅዳር 5፣ ዓርብ
ስሰግድ ልቤ አልሰበሰብ አለ። ከዲኔ ጋር ጠብ የለኝም። አባባ ሽባ ከሆነ ጀምሮ እስኪሞት ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት እኔ። ያኔ ሸሪዓው የት ነበር? ወንድ ሁለት እጅ የሚወስደው እህቱንም ስለሚደግፍ ነው ብሎ ያስተማረን ራሱ አባባ ነው። ረሻድ ይቺን "ይደግፋል" የምትለዋን ዘሏታል። አንድ ቀን ዘይት ገዝቶልኛል?

ኅዳር 12
መጥሪያ። ከሸሪዓ ፍርድ ቤት። አልሄድም! ካልሄድኩ ምን ያመጣሉ?

ኅዳር 13
ጎረቤቴ ሄቨን ጠበቃ ቢሮ ነው የምትሠራው። ነገርኳት። ደነገጠች።
"እንዳትቀሪ! መጥሪያው ደርሶሽ ከቀረሽ እንደፈቀድሽ ይቆጠራል። እዚያ መታየት ከጀመረ ደግሞ እኩል ወደሚያካፍለው መደበኛ ፍርድ ቤት ልውሰደው ማለት የለም።"
"ዝም ማለት እሺ ማለት ነው?"
"አዎ።"
ሕጉ ሁለቱም ተከራካሪዎች ካልፈቀዱ ጉዳዩ እዚያ አይታይም እያለ፣ ዝም ያለችውን ፈቅዳለች ይላል። ምን ዓይነት ሕግ ነው? ግን ደግሞ... ከዚያ ክፉ ባል ያላቀቀኝ ይኸው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ያኔ ወድጄ ነው የሄድኩት። ይዘጋ አልልም። እኔን በግድ አይጎትተኝ ነው የምለው።

ኅዳር 22
ቀረብኩ። አጎታችን ከረሻድ ጎን ተቀምጧል። ቃዲው ቀና ብለው አዩኝ።
"ጉዳዩ እዚህ እንዲታይ ፈቃደኛ ነሽ?"
አጎቴ፣ "በይ እንጂ፣ አታሰድቢን!" አለ።
"አይደለሁም።"
"ጮክ በይ ልጄ።"
"አይደለሁም ሸህ። ዲኔን ጠልቼ ግን አይደለም።"
"እሱን አልጠየቅኩሽም" አሉ። ቁጣ የለባቸውም። መዝገቡን ዘጉት።
ውጭ ረሻድ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም" አለ። ታክሲ ውስጥ እስከ ሰፈሬ ዓለም ባንክ አለቀስኩ።

ጥር 19
መደበኛው ፍርድ ቤት። ዳኛ የለም፣ ሌላ ቀጠሮ። እንደገና! እኩል ናችሁ የሚለው ሕግ እስካሁን እኩል ያደረገን በመጠበቅ ብቻ ነው። ረሻድ ሰላምታዬን አልመለሰም።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ
ባለፈው ሳምንት ተፈረደ። እኩል። ግቢው ለሁለት ይከፈላል፤ ረሻድ የራሱን ይሸጣል። ደስታው የታለ? ለዒድ በሬን ያንኳኳ ዘመድ አልነበረም።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ የረሻድ ሚስት ሙኒባ መጣች። ብቻዋን። ልትሰድበኝ መስሎኝ መቀሱን እንኳ አላስቀመጥኩም።
በቅርቡ አባቷን ቀብራለች። ወንድሞቿ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሰዋታል።
"ረሻድ ምን አለ?"
አንገቷን ደፋች። "ሂጂና እምቢ በይ፣ እኩል ነው የሚገባሽ አለኝ።"
ሳቄ መጣ። ከዚያ ንዴቴ።
"አንቺስ? አንቺ ምንድነው የምትፈልጊው?"
"እኔን እኮ የጠየቀኝ የለም" አለች።
ስፌቱን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።