ፍሪጅ ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች

እታለም፣

ማሙሽ ጎረቤት ጋ ነው። ክንዱን ቅባት ቀብቼዋለሁ።

ሐኪሙ ለችፌው ያዘዘለትን ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ አትፈልጊው። ብልቃጡ ላይ «ሕያው ባክቴሪያ» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ደፋሁት። ፍሪጁንም ሦስት ጊዜ በበረኪና አጠብኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ሆስፒታል ያጸዳሁ ሰው ነኝ። ባክቴሪያ ለልጅ ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ብልቃጡን ይዤ ልጠይቅ ብሄድ፣ ፋርማሲስቱ «የፈጀሻቸው እኮ ጠቃሚዎቹን ነው» ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዲሱ ጠብታ ነገ ይመጣል። እስከዚያ ልጁ ያለ ባክቴሪያ እንዳይቀር ብዬ የሚድህበትን ወለል ሳላጸዳ ወጥቻለሁ። አንቺም መጥረጊያ እንዳታነሺ።

የወለሉ ባክቴሪያዎች ጠቃሚ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እኔ ግን በሕይወቴ ቆሻሻ ወለል አይቼ ዝም ብዬ ስወጣ ለእሱ ስል የመጀመሪያዬ ነው።